ውድፎርድ፦ ማታ የሚገባባት መንደርና የድንጋዩ ቦምብ

(ይህ ጽሑፍ ለንደን ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ መጥታችሁ፣ ደክሟችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ ውድፎርድ ወርዶ የሚያውቅ ማነው? በባቡር ያለፈ አላልኩም። የወረደ። አየሁ፤ ሁለት እጅ ብቻ ነው የወጣው። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ውድፎርድ ላወራችሁ የፈለግሁት። ብዙዎቻችን የምንኖረው ከእሷ ብዙም ሳንርቅ ነው። ግን የእኛን አገር ታሪክ የያዘች መንደር መሆኗን የነገረን ሰው የለም።

ሊቨርፑል ስትሪት ላይ ሴንትራል ላይን ያዙ፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን። ባቡሩ ስትራትፎርድ ላይ ብቅ ይልና ተመልሶ መሬት ውስጥ ይገባል። ሌይተን ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዛፍ መብዛት ይጀምራል። ሌይተንስቶን፣ ስኔርስብሩክ፣ ሳውዝ ውድፎርድ፣ ውድፎርድ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ከሆነ ከእናንተ ጋር ብዙ ሰው ይወርዳል። ቦርሳውን ትከሻው ላይ የጣለ፣ የልጁን ጫማ በፌስታል ያንጠለጠለ፣ ስልኩ ላይ "ደርሻለሁ" ብሎ የሚጽፍ። ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይራመዳል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጣቢያው ጭር ይላል።

እንዲህ ያለ ቦታ ምን ታሪክ አለው ትሉ ይሆናል። ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባበት ሰፈር የሚተኛበት ብቻ ይመስላል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን ሌላ ነገር አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ስሟን እንያት። ውድፎርድ ማለት በጫካ ያለ መሻገሪያ ማለት ነው። ወንዙ ሮዲንግ ይባላል። ትንሽ ነው፤ ወደ ቴምዝ ይወርዳል። ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ሰውና ከብት በእግር የሚሻገሩበት መልካ ነበረው። መንደሯ በ1086 ንጉሡ አገሩን ሁሉ ባስመዘገበበት መዝገብ ላይ ትገኛለች። ያኔ የዋልታም ገዳም ርስት ነበረች። መሬቱ የገዳም፣ ጭሰኛው የገዳም፣ ጫካው ደግሞ የንጉሥ ማደኛ። ይህን ሥርዓት እኛ ለማስረዳት ብዙ አንደክምም። አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው።

ጫካው ኤፒንግ ይባላል። ውድፎርድን ያለ ጫካው መረዳት አይቻልም። ዛሬም መንደሯን በአንድ በኩል አቅፏት ይሄዳል። ወደ 2,400 ሄክታር ነው። ገብታችሁ ስታዩት ዛፎቹ ይገርሟችኋል። ግንዱ ወፍራምና አጭር ነው፤ ከሰው ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ እንደ ጣት ወደ አሥርና አሥራ አምስት ቅርንጫፍ ይበተናል። ተፈጥሮ አይደለም። የድሃ ሰው መጥረቢያ ነው እንደዚያ ያደረገው። በጫካው ዙሪያ ያሉ መንደሮች ለማገዶ ቅርንጫፍ የመቁረጥ መብት ነበራቸው። ግንዱን መንካት አይችሉም። ከብት እንዳይበላው ከፍ አድርገው ቅርንጫፉን ብቻ ይቆርጡና ዛፉ እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህ ለብዙ መቶ ዓመት ሲደጋገም ዛፉ ያንን ቅርጽ ያዘ። ዛሬ ማንም አይቆርጠውም፤ ቅርንጫፎቹ ራሳቸው ግንድ አክለዋል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባለርስቶች ጫካውን እያጠሩ መሸጥ ጀመሩ። ለንደን እየሰፋች ነበር፤ መሬት ወርቅ ሆነ። በውድፎርድ ጎረቤት በላውተን ቶማስ ዊሊንጌል የሚባል ተራ ሰው ግን "መብታችን ነው" ብሎ መቁረጡን አልተወም። ልማዱ ኖቬምበር 11 እኩለ ሌሊት ላይ መጀመር ነበር። በ1866 ከቤተሰቡ ወጣቶች ታሰሩ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የለንደን ከተማ አስተዳደርም ገባበት። በመጨረሻ በ1878 ፓርላማው ሕግ አወጣ። ጫካው አይታጠርም፣ አይሸጥም፣ ለሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ይኖራል ተባለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ሃይ ቢች ድረስ መጥታ ለሕዝቡ ያስረከበችው በሜይ 6 ቀን 1882 ነው። ይህችን ቀን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የግጦሽ መብቱ ከማገዶው በላይ ዕድሜ ነበረው። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ላሞች በውድፎርድና በዋንስቴድ መንገዶች ላይ እንደ ልባቸው ይዘዋወሩ ነበር። መኪና ቆሞ ይጠብቃቸዋል። የሰው አትክልት ይበላሉ። እዚያ የኖሩ ሽማግሌዎች ሲያወሩት ፊታቸው ይፈካል። እኔም ደስ ይለኛል፤ ከለንደን መሐል ግማሽ ሰዓት ርቆ ላም መንገድ ስትዘጋ ማሰብ ደብረ ብርሃንን ያስታውሰኛል።

ወደ ተመላላሾቹ፣ ጠዋት ወጥተው ማታ ወደሚገቡት ልምጣ። ውድፎርድ ከባቡሩም በፊት የለንደን ነጋዴዎች ሰፈር ነበረች። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሀብታሙ በሠረገላ ከተማ ወርዶ ነግዶ ይመለሳል። አየሩ ንጹሕ ነው፣ ጫካው ቅርብ ነው። በሰሜን በኩል ያለው የመንደሩ ክፍል ውድፎርድ ዌልስ የተባለው በምንጮቹ ነው፤ ዌል ጉድጓድ ነው። ያኔ ሰው ፈውስ ነው እያለ ውሃውን ሊጠጣ ይመጣ ነበር። ጠበል በሉት፤ የአማኙ ዓይነት ቢለያይም ሐሳቡ ያው ነው። የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የጡብ ግንብ በ1708 የተሠራ ነው። በ1969 ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ግንቡ ተረፈ፤ ዛሬም ከሩቅ ይታያል። አጠገቡ ውድፎርድ ሆል የሚባል ትልቅ ቤት ነበር። ዊልያም ሞሪስ፣ በግድግዳ ወረቀትና በጨርቅ ጥለቶቹ ስሙ የገነነው ሰው፣ ከ1840 ጀምሮ የልጅነት ዓመታቱን ያሳለፈው እዚያ ነው። ትንሽ ጥሩር ለብሶ በትንሽ ፈረስ ጫካው ውስጥ ይጋልብ ነበር ይባላል። አባቱ ከተማ ውስጥ የገንዘብ ገበያ ደላላ ነበሩ፤ ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ። በኋላ ልጁ የሳላቸው ቅጠሎችና ወፎች ከዚያ ጫካ ካልመጡ ከየት ሊመጡ?

ባቡሩ በ1856 ገባ። ከዚያ በኋላ የመሬቱ ነገር ተለወጠ። ትልልቆቹ ቤቶች አንድ በአንድ ፈረሱ፤ ግቢያቸው ተሸንሽኖ ተሸጠ። ዛሬ ውድፎርድን ስትዞሩ የምታዩአቸው ሁለት ሁለት ሆነው የተጣበቁ ቤቶች፣ ፊት ለፊታቸው ትንሽ አትክልት ያለው፣ አብዛኞቹ ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ የተሠሩ ናቸው። ባለቤቱ ፀሐፊ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የኢንሹራንስ ሰው ነው። ሴንትራል ላይን እስከ ውድፎርድ የደረሰው በዲሴምበር 1947 ነው። ጦርነቱ ባያቋርጠው ቀደም ብሎ ይደርስ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ተቆፍሮ ያላለቀው ዋሻ፣ በጋንትስ ሂል በኩል ያለው፣ የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ሆኖ ነበር። ሰዎች ሐዲድ ሊዘረጋበት በታሰበው ቦታ ላይ ተቀምጠው ቀንና ሌሊት ይሠሩ ነበር። ዛሬ በዚያ በኩል ስታልፉ መስኮቱን እዩት፤ የማይታይ ነገር ይታያችኋል።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። የመንደሩ ልብ ውድፎርድ ግሪን ነው፤ ረጅም ሣር ሜዳ። ቅዳሜ ክሪኬት ይጫወቱበታል። የክሪኬት ክለቡ ከ1735 ጀምሮ እንዳለ ይናገራል። በሜዳው ላይ ከነሐስ የተሠራ የዊንስተን ቸርችል ሐውልት ቆሟል። የቀረጸው ዴቪድ ማክፎል ነው፤ በ1959 የመረቁት ፊልድ ማርሻል ሞንትጎመሪ ናቸው። ለምን እዚህ? ቸርችል ከ1924 ጀምሮ የዚህ አካባቢ የፓርላማ ተመራጭ ነበር፤ ከ1945 እስከ 1964 ደግሞ የምርጫ ክልሉ ስም ራሱ ውድፎርድ ነበር። ከሜዳው ትንሽ ራቅ ብሎ በመንክሃምስ አቬኑ ክሌመንት አትሊ በ1920ዎቹ ኖሯል። ቸርችልን በ1945 በምርጫ አሸንፎ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፣ የሕዝብ ጤና አገልግሎቱን ያቋቋመው መንግሥት መሪ። ቤቱ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ። እርሱም ከዚህ ተነስቶ ለሥራ ወደ ከተማ ይወርድ ነበር።

እነዚህን ሁሉ የመንደሩ ሰው ያውቃል፤ ይኮራበታልም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ግን ለሦስተኛው ሰው ነው።

ሲልቪያ ፓንክረስት ማንቸስተር ውስጥ በሜይ 5 ቀን 1882 ተወለደች። ንግሥቲቱ ጫካውን ከማስረከቧ አንድ ቀን ቀደም ብሎ። ሜይ 5 በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው? አዎ፤ ሚያዝያ 27። ይህም ቀን ገና ይመለሳል።

እናቷ ኤመሊን ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው ዝነኛዋ ፓንክረስት ናት። ሲልቪያ ሠዓሊ ነበረች፤ ግን ሥዕሉን ትታ ወደ ትግሉ ገባች። ተደጋግማ ታስራለች። እስር ቤት ምግብ አልበላም ስትል በቱቦ በግድ አብልተዋታል። ከእናቷና ከእህቷ ተለይታ በምሥራቅ ለንደን ቦው ሰፈር ከድሃ ሴቶች ጋር ሠራች፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ርካሽ ምግብ ቤት፣ የሕፃናት ክሊኒክ፣ መዋያ ከፍታለች። ከዚያ በ1924 ወደ ውድፎርድ መጣች። ከእርሷ ጋር ሲልቪዮ ኮርዮ ነበር። ጣሊያናዊ ነው፤ የማተሚያ ቤት ሙያተኛና ጋዜጠኛ፤ አገሩን ትቶ የተሰደደ አናርኪስት፣ መንግሥት አያስፈልግም ከሚሉት ወገን። ሕጋዊ ጋብቻ አልፈጸሙም፤ አብረው ግን እስከ ሞቱ ኖረዋል።

ያረፉበት ቤት ሬድ ኮቴጅ ይባላል፤ ቀዩ ጎጆ። በዋናው መንገድ ላይ፣ ሆርስ ኤንድ ዌል ከሚባለው መጠጥ ቤት ፊት ለፊት። ሻይ ቤት ከፈቱበት። እሑድ እሑድ ከምሥራቅ ለንደን ጫካውን ሊያይ የሚመጣው ሠራተኛ ሻይ ይጠጣል፣ ያርፋል። ከዚያው ኑሮ መካከል በ1927 ልጃቸው ሪቻርድ ተወለደ። አዎ፤ የእኛ ሪቻርድ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት። በዚያ ጫካ ዳር አደገ፤ እዚያው ውድፎርድ ግሪን ውስጥ ባንክሮፍትስ ትምህርት ቤት ተማረ።

በ1932 ጄኔቫ ላይ የጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ከአየር ላይ ቦምብ መጣል ፈጽሞ ይከልከል የሚል ሐሳብ ቀረበ። የእንግሊዝ መንግሥት ግን በግዛቶቹ ለ"ፀጥታ ማስከበር" ያስፈልገኛል አለ። ይህ ሲልቪያን አቃጠላት። ለአየር ጦርነት መቃወሚያ ሐውልት ላቁም ብላ ተነሳች። ቅርጹን የሠራው ኤሪክ ቤንፊልድ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነው። በ1935 ከቤቷ ጎን ቆመ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ዓድዋን ደበደቡ፤ በዲሴምበር ደሴን። ያስጠነቀቀችው ነገር በእኛ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ የቆመው ሐውልት አልበረከተም፤ እንደገና ተሠርቶ በ1936 ተመረቀ። ያን ጊዜ በምርቃቱ ላይ ለንደን ካለው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን፣ ዛሬ ኤምባሲ ከምንለው፣ ጸሐፊው ተገኝቶ ነበር።

ሐውልቱ ዛሬም አለ። ሄጄ ፊቱ ቆሜያለሁ። ባስ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ከአጥሩ በስተጀርባ፣ ዛፍ ሥር ነው። ትልቅ አይደለም። የድንጋይ ቦምብ ነው፤ አፍንጫው ወደ ታች፣ የጭራው ክንፎች ወደ ላይ። አሁኑኑ ወድቆ መሬት ሊሰነጥቅ ያለ ይመስላል፤ ግን ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል። ድንጋዩ ሻጋታ ይዞታል፤ በዝናብ ሲርስ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ጽሑፉ በ1932 የቦምብ ጣይ አውሮፕላን መብትን ለደገፉት ሰዎች "የተሰጠ" ነው፤ በአየር ጦርነት ላይ ተቃውሞ ሆኖ የቆመ ሐውልት መሆኑን ይናገራል። ጀግና የሚያወድስ ሐውልት በሞላበት አገር ጥፋተኛን በስሙ ሳይጠራ የሚከስ ሐውልት ነው። ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሆኗል።

እዚያ ቆሜ አያቴን አሰብኩ። በማይጨው ዘመን ልጅ ነበረች። አውሮፕላን ሲመጣ እናቷ ነጭ ነጠላዋን ጥላ ቁጥቋጦ ሥር ይዛት እንደገባች ትነግረን ነበር፤ ነጭ ከላይ ይታያል ተብሎ። በዚያው ጊዜ ውድፎርድ ውስጥ አንዲት ሴት በራሷ ጓሮ ይህን ድንጋይ ታቆም ነበር። አያቴ ይህን ሳታውቅ ነው የሞተችው። ብነግራት ምን ትል እንደነበር ደጋግሜ አስቤያለሁ።

ጋዜጣው ደግሞ አለ። ሲልቪያና ኮርዮ በዚያን ጊዜ ከሬድ ኮቴጅ ወደ ቻርተሪስ ሮድ ተዛውረዋል፤ ከውድፎርድ ጣቢያ አጠገብ። ፋሺዝምን የሚቃወም፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ ለመጀመር ወሰኑ። ስሙ "ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ" ነው። በአማርኛ "አዲስ ዘመንና የኢትዮጵያ ዜና" እንደማለት። የመጀመሪያው እትም የወጣው በሜይ 5 ቀን 1936 ነው። ሚያዝያ 27። የሲልቪያ የልደት ቀን ነው፤ 54 ዓመት ሞላት። በዚያው ቀን የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ዓለም ኢትዮጵያ አለቀላት ባለበት ዕለት፣ ከአንዲት የባቡር ዳር መንደር፣ አላለቀላትም የሚል ጋዜጣ ወጣ።

ይህን ስታስቡ ትልቅ ቢሮ አታስቡ። መኖሪያ ቤት ነው። ወረቀት ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀት ወንበሩ ላይ፣ ወረቀት መሬት ላይ። ሲልቪያ ስትጽፍ ታድራለች። ኮርዮ የጣሊያንን ጋዜጦች ያነባል፤ ፋሺስቶቹ ለራሳቸው ሕዝብ የሚሉትን አይቶ ያጋልጣል። አገሩን ስለሚወድ ነው የአገሩን መንግሥት የተዋጋው፤ ስለ እርሱ ብዙ አለመነገሩ ያሳዝነኛል። ሪቻርድ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ በዚህ ሁሉ መሐል ያድጋል። በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ከእርሷ ጋር ይሠሩ ነበር። እኒህ ሰው በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ መኮንን ያገኛቸው ሕፃን ነበሩ፤ አሁን በሽምግልናቸው በእንግሊዝ አገር ለኢትዮጵያ ይከራከራሉ።

ጋዜጣው የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ አወጣ። የመርዝ ጋዙን ነገር አልተወም። ጣሊያን ወታደሮች ራሳቸው ያነሷቸውን የግፍ ፎቶግራፎች አተመ። አርበኞቹ ገና ጫካ እንዳሉ፣ ጦርነቱ እንዳላለቀ ሳምንት በሳምንት ጻፈ። አፍሪካና ካሪቢያን ድረስ ይሄድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 1936 ዋተርሉ ጣቢያ ሲደርሱ ከተቀበሏቸው አንዷ ሲልቪያ ነበረች። ለሚኒስትሮች፣ ለጋዜጦች፣ ለፓርላማ አባላት ደብዳቤ ትጽፋለች። ለቸርችልም። የፓርላማ ተመራጭዋ እርሱ ነው፤ የእርሱ መራጭ እርሷ ናት። የዚያች መንደር ነገር የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ሐውልቶቻቸው በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ በእግር ሊሄድ የሚችል ርቀት ነው ያላቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው የገቡት በሜይ 5 ቀን 1941 ነው። ሚያዝያ 27፣ 1933 በእኛ። ዛሬ የአርበኞች ቀን ብለን የምናከብረው። ለሦስተኛ ጊዜ ያው ቀን። እኔ ምልክት የምፈልግ ሰው አይደለሁም፤ ግን ሲልቪያ በዚያ ቀን በውድፎርድ ቤቷ ውስጥ 59 ዓመት ሲሞላት የተሰማትን ባውቅ እወድ ነበር።

ነጻነት ተመለሰ ብላ አልተቀመጠችም። እንግሊዞች ኦጋዴንን አንለቅም ሲሉ የገዛ መንግሥቷን ተከራከረች። ኤርትራ ውስጥ የእንግሊዝ አስተዳደር የወደብ ዕቃዎችን ሲነቅል ጻፈችበት። የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት በ1948 እንኳ አፏን የሚያስይዝበትን መላ ይፈልግ ነበር፤ ሰነዱ ዛሬ ለሕዝብ ክፍት ነው። ነርስ ሆነው ለንደን ውስጥ ሠልጥነው በ1942 በወጣትነት ላረፉት ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ያሰባሰበችውም እርሷ ናት። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። ስንቶቻችን እዚያ ዘመድ ጠይቀናል?

ጋዜጣው ሃያ ዓመት ከውድፎርድ ወጣ። ኮርዮ በ1954 አረፈ። በ1956 ሲልቪያ 74 ዓመቷ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ጡረታውን ይዞ አትክልት ይኮተኩታል። እርሷ ቤቷን ዘግታ ከልጇ ጋር አዲስ አበባ ገባች። እዚያም አላረፈችም፤ "ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር" የሚባል መጽሔት ጀመረች። በሴፕቴምበር 27 ቀን 1960 ሞተች። የመስቀል ዕለት ነው። በመንግሥት ደረጃ ተቀበረች፤ ወለተ ክርስቶስ ተብላ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ ከአርበኞቹ ጋር። ሪቻርድ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ ከታገሉት ፊተኛው ነው። በ2017 አረፈ፤ እርሱም ሥላሴ ነው ያለው። ከውድፎርድ ጫካ ዳር የተነሳ ልጅ።

ስለዚህ ነው ተመላላሽ መንደር ስትባል እንደ መኝታ ብቻ አትዩአት የምላችሁ። ሰው ቀኑን ከተማ ይውላል፤ የራሱን ሥራ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ማታ ቤቱ ገብቶ ነው። የኢትዮጵያ ጋዜጣ የተሠራው በእንደዚህ ዓይነት ምሽቶች፣ በእንደዚህ ዓይነት ቤት ነው። እናንተም ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ስለ አገር የምትጽፉ፣ ልጆቻችሁን ፊደል የምታስቆጥሩ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ መንገዱን ልናገር። ውድፎርድ ጣቢያ ውረዱ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ትንሽ አረንጓዴ ቦታ አለች፤ ፓንክረስት ግሪን ትባላለች። የቻርተሪስ ሮዱ ቤት ፈርሷል፤ ሬድ ኮቴጅም የለም። ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ ውጡና ወደ ሰሜን ሂዱ። ሜዳውን ታገኛላችሁ፤ ቸርችልን ታያላችሁ። መንገዱን ይዛችሁ ቀጥሉ። በስተቀኝም በስተግራም ዛፍ ነው። ልጆች ካሉ ናይተን ዉድ ውሰዷቸው። ያ ቦታ የኤድዋርድ ኖርዝ በክስተን ግቢ ነበር፤ ጫካውን ለማትረፍ ብዙ የለፋ ሰው ነው፤ አያቱ ደግሞ በፓርላማ ባርነት እንዲቀር ከታገሉት መሪዎች አንዱ ነበር። በሜይ አበባው ሌላ ነው። ለሙሉ ቀን ከመጣችሁ ቺንግፎርድ ላይ ሄንሪ ስምንተኛ በ1543 ያሠራው የአደን መመልከቻ ቤት አለ፤ እንጨቱ አሁንም እንደቆመ ነው።

የድንጋዩን ቦምብ ለማግኘት ግን ዓይናችሁን ክፈቱ፤ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ መጀመሪያ ስሄድ ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ። አንዲት አሮጊት ውሻቸውን ይዘው ሲሄዱ ጠየቅኋቸው። "ቦምቡን ነው?" አሉና በእጃቸው አሳዩኝ። ከየት ነህ አሉኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "እንግዲያው ያንተ ነው" አሉኝና ሄዱ።

ሚያዝያ 27 ቀን ጠዋት በአራት ሰዓት ውድፎርድ ጣቢያ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ነጠላ ያላችሁ ነጠላ ልበሱ። አበባ እኔ አመጣለሁ።